ያውቁ ኖሯል? የቦሌ ስኒ ቡናዋን ከየት ታመጣለች?

ቦሌ ላይ ቡና የማይጠጣበት ጎዳና ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከመድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ድረስ በአንድ ወገን መስታወት የለበሰ ካፌ ይታያል፤ በሌላው ወገን ከሱቅ ደጃፍ ቄጠማ የጎዘጎዘች፣ ከሰሏን እያራገበች ስኒዋን የምትደረድር ባለ ጀበና አለች። በሁለቱም ዘንድ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ቅጥነቱና ስለ ውፍረቱ ይጠየቃል። «ይሄ ቡና የየት ነው?» የሚል ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ዓምዳችን ይህን ጥያቄ ይዞ ከይርጋጨፌ እስከ ኪሊማንጃሮ ይዞራል። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦሌ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ ያውቁ ኖሯል? ትምህርት ቤት የሸመደድነው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ሰው የሚሠራ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ጀበናው የሚንተከተከው ወደ 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው። የዓለም ቡና ቀማሾች ለቅምሻ የሚመርጡት የውሃ ሙቀት ደግሞ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባሕር ማዶ ቡና ወዳድ ቴርሞሜትር የተገጠመለት ውድ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ የሚያሳድደውን ሙቀት እኛ በነፃ አግኝተነዋል ማለት ነው። ዱቄቱን ጨምረን ደጋግመን ማፍላታችን ሌላ ጨዋታ ነው፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

እኛ በስኒ የምንጠጣው አረቢካ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተወለደ መሆኑንስ? አንዱ ወላጅ ሮቡስታ ነው። ሁለተኛው ዩጂኒዮይደስ ይባላል፤ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ደኖች በዱር የሚገኝ፣ ካፌኑ አነስተኛ የሆነ ቡና ነው። የሰው እጅ አልገባበትም፤ ደን ውስጥ በራሱ የሆነ ነገር ነው። በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ጊዜውን ከዛሬ 600,000 ዓመት ገደማ በፊት ያደርገዋል። አረቢካ 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ብቻ ያላቸው በዚህ የተነሳ ነው። የዱር አረቢካ ዛሬም በዋናነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ነው።

በላቲን አሜሪካ ለብዙ ዘመን የተስፋፋው አረቢካ ከየመን የወጡ የጥቂት ዛፎች ዘር ነው። ከነሱ ዘር አንዱ ከአምስተርዳም የዕፅዋት አትክልት ቦታ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ የተላከ ነበር። ስለዚህ በአንድ የከፋ ወይም የኢሉባቦር ደን ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች እርሻ ካለው ይበልጣል።

ቡና በከፍታ ቦታ ሲበቅል ለምን እንደሚጣፍጥ ያውቁ ኖሯል? ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው። ቆላ ላይ ፍሬው ቶሎ ይቀላል፤ ወደ ደጋው በተጠጋ ቁጥር ግን ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ስኳርና አሲድ የማጠራቀሚያ ጊዜ ያገኛል። ፍሬውም ይጠጥራል። በሲዳማና በጉጂ 2,000 ሜትርን አልፎ የሚበቅል ቡና አለ፤ ገዢዎች ከሁሉ በላይ የሚሻሙትም እሱን ነው። ቦሌ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አረቢካ ግን አማካይ ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሆነ አየር ይወዳልና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን አይመቸውም።

አሁን ወደ አገሮቹ እንግባ።

ይርጋጨፌ በጌዴኦ ዞን ያለች ትንሽ ከተማ መሆኗን፣ በስሟ የሚሸጠው ቡና ግን ከዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎችም፣ ከኮቸሬም፣ ከወናጎም፣ ከገደብም እንደሚሰበሰብ ያውቁ ኖሯል? የታጠበ ይርጋጨፌ በደንብ ተቆልቶ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚመጣው መዓዛው ነው፤ የጠምበለል አበባ፣ ከዚያ የሎሚ ልጣጭ፤ አፍ ላይ እንደ ሻይ ስስ ነው። ጠቆር ያለ ቡና የለመደ ሰው ሲቀምሰው «ይሄ ቡና ቀጠነ» ሊል ይችላል። ቡናው ግን አልቀጠነም፤ ጠባዩ እንዲህ ነው።

ጌዴኦዎች ቡናቸውን ብቻውን አይተክሉም። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከመካከል እንሰት፣ ከሥሩ ቡና ያደርጋሉ፤ ዩኔስኮ ይህንን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በኪሊማንጃሮ ተዳፋት ላይ ቻጋዎች ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ በእንሰት ቦታ ሙዝ መተካታቸው ነው።

የታጠበና ያልታጠበ ቡና ልዩነት የንጽሕና ጉዳይ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው «ያልታጠበ» ሲባል ቆሻሻ ይመስለዋል። የታጠበ ቡና ማለት ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት ተፈልፍሎ፣ የሚያጣብቀው ልጋግ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፣ በውሃ ተለቅልቆ የደረቀ ማለት ነው። ያልታጠበው ደግሞ ከነሥጋው አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ በፀሐይ እየተገላበጠ ጀንፈል እስኪሆን ይቆያል፤ በሳምንታት የሚቆጠር ሥራ ነው። ጣፋጩ ሥጋ በፍሬው ላይ ስለሚደርቅ ያልታጠበ ቡና ከበድ ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ይሆናል፤ የታጠበው ጠርቶ፣ አሲዱም ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ዛፍ የተለቀመ እሸት ለሁለት ቢከፈልና በሁለቱ መንገድ ቢዘጋጅ የሁለት አገር ቡና የጠጡ ይመስልዎታል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት እንደሚፈጅም በዚሁ ይያዙልን።

ሲዳማ። በ2020 «ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ጣዕም ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ 1,459 ናሙናዎች ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ ቡና ነበር፤ ከ100 ነጥብ 91.04 አገኘ። በጨረታው አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጠ፤ በኪሎ ሲሰላ ከ400 ዶላር ያልፋል። ሲዳማ ዛሬ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ በቀድሞው አስተዳደር ግን «ሲዳሞ» ሲባል ጌዴኦንም፣ ጉጂንም፣ ቦረናንም ያጠቃልል ነበር፤ የንግዱ ዓለም ይህንኑ የጠቅላይ ግዛት ስም ይዞ ለብዙ ዓመት የጉጂን ቡና ሳይቀር በሲዳሞ ስም ሲሸጥ ኖረ። ጉጂ በራሱ ስም የታወቀው ቅርብ ጊዜ ነው። የጉጂዎቹን ሻኪሶን ወይም ሐምበላን ሲያገኙ ኮክና እንጆሪ ይፈልጉበት።

የሐረር ቡና ለምን ሁልጊዜ ያልታጠበ እንደሆነስ አስበው ያውቃሉ? በሐረርጌ ደጋ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም፤ ፀሐይ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ቡናው በጥንቱ መንገድ ከነሥጋው ይደርቃል። ውጤቱ ወይን ወይን የሚል፣ አንዳንዴም ፈረንጆች ብሉቤሪ የሚሉትን ፍሬ የሚያስታውስ፣ ሲበርድ ወደ ቸኮሌት የሚያዘነብል ቡና ነው። ጥሩው ሐረር ከሌሎች ሁሉ በቀላሉ ይለያል፤ መጥፎው ደግሞ ጆንያ ጆንያ ይላል፤ መካከል የለውም። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከሉ የቆየ ሐዘን ነው፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። በዚያው አገር የቡና ቅጠል እየተጠበሰ በወተትና በጨው ተፈልቶ «ቁጢ» ተብሎ ይጠጣል። ከፍሬው የሚቀድመው ቅጠሉ ነው የሚሉ ሐረሮች አሉ፤ አንከራከራቸውም።

ከምዕራቡ ሦስት ስሞች፦ ሊሙ የታጠበ፣ ሚዛኑን የጠበቀ፣ ትንሽ ቅመም ቅመም የሚል። ለቀምት፣ ማለትም የወለጋ ቡና፣ ፍሬው ትልልቅ፣ አብዛኛው ያልታጠበ፣ አፍ የሚሞላ። ጅማ፣ በብዛት የሚወጣው፣ አፈር አፈር የሚል ከበድ ያለ ቡና፤ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሸጣል እንጂ በቀይ እሸቱ ተለቅሞ በደንብ ሲደርቅ ሌላ ፍጥረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ እንስጥ። ማኪያቶ የሚጠጡ ከሆነ ይርጋጨፌ አያዝዙ። ወተቱ ጠምበለሉንም ሎሚውንም ይውጠዋል፤ ገንዘብዎንም አብሮ። ለወተት የሚስማማው ለቀምት፣ ጅማ ወይም ሐረር ነው። በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተውና ዛሬ ቦሌም ድረስ የመጣው ቶሞካ የጣሊያኖቹን ጠቆር ያለ አቆላል ያስለመደን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ አቆላል ለኤስፕሬሶና ለማኪያቶ ይመቻል። ነገር ግን ቡና በጠቆረ ቁጥር የትውልድ አገሩ እየጠፋ የምጣዱ ጣዕም እየገነነ ይሄዳል። በጣም የጠቆረ ሲዳማና በጣም የጠቆረ ጅማ ወንድማማች ናቸው።

በዓለም እጅግ ውድ የሆነው ቡና ስሙን ያገኘው ቤንች ማጂ ይባል በነበረው አካባቢ ካለችው ጌሻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ታገሱን። በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከዚያ አካባቢ ደን የቡና ዘር ለቅመው ወደ ኬንያ ወሰዱ፤ ከኬንያ ወደ ታንዛኒያ ምርምር ጣቢያ ሄደ፤ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ደረሰ። የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም፤ በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ምርቱ ትንሽ፣ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ሆኖ ስለተገኘ ገበሬው ችላ አለው። በ2004 «ላ ኤስሜራልዳ» የተባለው የፓናማ እርሻ ይህን የተናቀ ዛፍ ለይቶ ለውድድር ሲያቀርበው አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም በፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ በጊዜው ያልተሰማ ዋጋ ነበር። በ2019 ሌላ የፓናማ እርሻ የጌሻ ቡናውን በፓውንድ 1,029 ዶላር ሸጠ። ጣዕሙ ምን ይላል? የጠምበለል አበባና የሎሚ ልጣጭ። ይርጋጨፌን የሚያውቅ ሰው ዘመድነቱን ወዲያው ይገምታል። በ2011 ጌሻ ቪሌጅ የተባለ እርሻ በዚያው በመነሻው አካባቢ ተቋቁሞ ቡናውን ከትውልድ አገሩ ወደ ገበያ ያወጣ ጀመር።

በቡና ከረጢት ላይ «74110» ወይም «74112» የሚል ቁጥር አይተው የስልክ ቁጥር መስሎዎት ያውቃል? የዝርያ ስም ነው። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታየው ኬንያ ውስጥ በ1922 ነበር፤ በ1971 ወደ እኛ ገባ፤ አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ክፉ ፈንገስ ነው። በ1967 የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒት ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ ደን ገቡና በሽታው መካከል ቆመው ፍሬያቸው ያልረገፈ ዛፎችን መፈለግ ያዙ። 74 የሚለው ዛፉ የተመረጠበት ዓመት፣ 1974 ነው። 74110ም 74112ም የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ዛሬ በሲዳማና በጌዴኦ ማሳ ላይ ተተክለው ሽልማት ይሸለማሉ። የዱር ደን ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ያዩና ከፋ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡትም የዱር ቡና ስላለባቸው ጭምር ነው።

አማራ ክልል ቡና የለም ያለዎት ማን ነው? ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ቢጓዙ ዘጌን ያገኛሉ። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጣና ዳርቻ፣ በገዳማቱ ዙሪያ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና ነው። ትውፊቱ መነሻውን ለአቡነ በትረ ማርያም ይሰጣል፤ የተባረከች በትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች ይላል። በዘጌ ምድር ማረስ ነውር ሆኖ ስለኖረ ደኑም አብሮ ተርፏል።

ቦሌ ውስጥ ታክሲ ረዳቶች «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ!» ሲሉ የሰፈሩን ስም መጥራታቸው ነው። የአገሪቱን የሩዋንዳን ቡና በተመለከተ ግን ይህንን ያውቁ ኖሯል? በአፍሪካ ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስን መጀመሪያ ያስተናገደችው እሷ ናት፤ በ2008፣ ከእኛ 12 ዓመት ቀድማ። ቡርቦን በተባለው ዝርያዋ ጣፋጭ፣ ለስላሳ፣ ብርቱካን የሚሸት ቡና ታመርታለች። አንድ ጠላት አለባት፦ አንቴስቲያ ከተባለው ተባይ ጋር የተያያዘ የጥሬ ድንች ሽታ። ከአንድ ማንኪያ መካከል አንድ የተበላሸ ፍሬ ብቻ ቢገኝ ስኒው ሁሉ ድንች ድንች ይላል። በጥሬው አይታይም፤ የሚታወቀው ሲፈጭ ነው። ጎረቤቷ ቡሩንዲም በዚሁ ትሠቃያለች።

ኬንያ ከሞያሌ ማዶ ናት፤ ቡናዋ ግን በሞያሌ አልገባም። በ1893 ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው የተከሉት፤ ዘሩ ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ዞሮ ነው የጎረቤቱን ደጅ ያንኳኳው። በኔሪና በኪሪኛጋ በኬንያ ተራራ ሥር የሚበቅለው የኬንያ ቡና አሲዱ ጠንካራ፣ ጣዕሙ ብላክከራንት የተባለውን የፈረንጅ ፍሬ፣ አንዳንዴም ቲማቲምን የሚያስታውስ ነው። ስሙን ያስጠሩት ኤስኤል 28 እና ኤስኤል 34 የተባሉ፣ በ1930ዎቹ በስኮት ላቦራቶሪ የተመረጡ ዝርያዎች ናቸው። ከረጢቱ ላይ ያለው «ኤኤ» ደግሞ የጣዕም ማዕረግ አይደለም፤ የፍሬው መጠን ነው። በወንፊት ተነፍቶ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ትልቁ ፍሬ ኤኤ ይባላል። የእኛ አመዳደብ ሌላ ነው፤ ከ100 ነጥብ 40ው በጥሬ ቡናው ገጽታና ጉድለት፣ 60ው በስኒ ቅምሻ ይሰጣል። አዳላችሁ ካላሉን የእኛው ይሻላል።

ኡጋንዳ አብዛኛው ቡናዋ ሮቡስታ ነው፤ ለሮቡስታም ከትውልድ አገሮቹ አንዷ ናት። ካፌኑ የአረቢካን እጥፍ ግድም ስለሆነ መራራነቱ ይበረታል፣ እንቅልፍም ይነሳል። በጥንት ጊዜ ባጋንዳዎች የደም ወንድማማችነት ሲማማሉ የቡና ፍሬ ተካፍለው ያኝኩ ነበር። በኤልጎን ተራራ ላይ ግን ቡጊሱ የተባለ መልካም አረቢካ አላት። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ማዶ የታንዛኒያ ሐያዎችም ሮቡስታውን ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቀቅለው፣ አድርቀው ያኝኩታል።

ማኘክ ካነሳን፣ ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ወዳጅ ካለዎት «ቡን» ምን እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቡናው በዘይት ወይም በቅቤ ተጠብሶ ይቀርባል። የኦሮሞው ቡና ቀላም ከነገለባው በቅቤ ይቆላል፤ ለበረከት፣ ለምርቃት ይቀርባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብቻ ነው ቡና ያልነው እኛ ነን።

ካፌን የሌለው ቡና በፋብሪካ ብቻ የሚሠራ ይመስልዎታል? በ2004 የብራዚል ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያ በመጣ የቡና ዘር ክምችት ውስጥ በተፈጥሯቸው ካፌን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ዛፎች ማግኘታቸውን «ኔቸር» መጽሔት ላይ አሳተሙ። የዘሩ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ።

ባለቤትነት ከተነሳ፤ ኢትዮጵያ በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም በክርክሩ መሐል ገባ። ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለኢትዮጵያ ወግኖ ዘመቻ ከፈተ። በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመና ስሞቹ የእኛ መሆናቸው ታወቀ።

ይርጋጨፌ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ መናገር የማይቻልበት ዘመን እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ መሸጥ ያዘ። አርሶ አደሩን ዋጋውን በግልጽ እንዲያይ ረድቶታል፤ ነገር ግን አንዱ ቀበሌ ከሌላው ቀበሌ በአንድ ምድብ ተቀላቀለ፤ የገበሬው ስም ጠፋ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ ቡናው መነሻውን ይዞ እንዲሸጥ፣ አምራቹም በቀጥታ እንዲልክ በር ከፈተ። ዛሬ ቦሌ ካፌ ውስጥ የማጠቢያ ጣቢያው ስም የተጻፈበት ከረጢት የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከምርታችን ግማሽ ያህሉን እኛው ራሳችን እንደምንጠጣውስ? በአፍሪካ እንዲህ ያለ ቡና አምራች አገር የለም፤ ኬንያና ኡጋንዳ ያመረቱትን ከሞላ ጎደል ሁሉ ይልኩታል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ለወጪ ንግድ የሚበቃ ጥሬ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። ምርጡ በጅቡቲ በኩል ሲወጣ ለእኛ የቀረው በምርመራ የወደቀው ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ምንዛሪው ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ቡና ለዓለም የሰጠ ሕዝብ ጉድለቱን እየለቀመ መጠጣቱ ደስ አይልም።

ቡናን አገኘ ስለሚባለው የፍየሎች እረኛ ሳናነሳ ብናልፍ ይቀየሙናል። ታሪኩ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው ከፋ ሳይሆን ሮም ነው፤ በ1671። ካልዲ የሚለው ስም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ በኋላ የተጨመረ ነው። በ2004 ቦሌ ላይ የተከፈተው ካልዲስ ካፌ ስሙን የወሰደው ከዚህ ዘግይቶ ከተጠመቀ እረኛ ነው።

የሚያሳስበውን ደግሞ እንንገርዎ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ከእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ጋር በ2017 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት ምድራችን ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ሐረርጌ ክፉኛ ከሚጎዱት መካከል ነው። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታው ከተሸጋገረ አዲስ ምቹ መሬት ሊገኝ እንደሚችልም ይናገራል፤ ዛሬ ገብስና ባቄላ ያለበት ደጋ ነገ ቡና ሊያበቅል ይችላል። ዛፉ ለፍሬ እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ስለሚፈጅ ግን ገበሬው ነገሩን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

በመጨረሻ ለገበያ የሚሆን ነገር። የእኛ ዋነኛ ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ተለቅሞ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሬው በደረቅና ነፋሻ ቦታ ወራት ይቆያል፤ የተቆላው መዓዛው በሳምንታት፣ የተፈጨው ደግሞ በቀናት ይበናል። ስለዚህ ከገርጂም ይግዙ ከመገናኛ፣ ጥሬውን ወይም ያልተፈጨውን ይምረጡና ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የየት ወረዳ ነው? የታጠበ ነው ያልታጠበ? የዘንድሮ ነው የአምና? ሦስቱንም ሳያመነታ የሚመልስልዎ ሻጭ ካገኙ ደንበኝነትዎን አይቀይሩ።